ማንም የማያውቀው ስም

«ባንተይርጋን አነበብካት?» አለ አንደኛው፣ እንቁላል ፍርፍሩን በሹካ እያገላበጠ። ሁለተኛው መጽሐፉ ቀድሞ ደርሶት ማታ አልጋው ላይ ሆኖ እንዳነበባት፣ እንባም እንደተናነቀው፣ ከሁሉ በላይ ግን ስሟ እንደገረመው ተናገረ። እንዲህ ያለ ስም ከአየር ላይ የሚፈጥር ሰው ቁጭ ብሎ ድርሰት መጻፍ ነበረበት እንጂ ጥናት ውስጥ ምን ይሠራል አለና ሁለቱም ሳቁ። ሰመራ ላይ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ፀሐይዋ ግን ከወዲሁ የሆቴሉን መስታወት አግላዋለች። ሙሉሐረግ አጠገባቸው ብቻዋን ተቀምጣ ሻይዋን ትጠጣለች። አንዱን ስኒ ሃምሳ ብር የሚሸጡት ሻይ፣ ስኳሩ ለብቻው በወረቀት ተጠቅልሎ የሚመጣ፣ ቀለሙ እንኳ የእሷን ሻይ የማያህል። የሰው እጅ ቁርስ ከበላች ስንት ጊዜዋ ነው! ሰውየው የጠራትን ሴት አላወቀቻትም። ደስ የሚል የአገር ቤት ስም ነው ብላ አለፈችው።

እሷ አዋሽ ሰባት፣ ከባድ መኪኖች የሚያድሩበት ሜዳ ጥግ ላይ ቁርስ ቤት አላት። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል፣ ሻይ። አባቷ ነፍሱን ይማረውና የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ ነበር፤ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ባሏን ቀብራለች። ሹፌሩም ረዳቱም ጋራዥ የሚውለውም ሲነጋ እሷ ዘንድ ይበላል። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ከጀርባዋ ባለው መንደር ቡና ቤት የሚሠሩት ሴቶች፣ ፊታቸውን ሳይታጠቡ ሻርፕ ጣል አድርገው እየመጡ በርጩማዋ ላይ ይቀመጣሉ። አንዷ ሲያማት ወደ ጤና ጣቢያ የምትወስድ እሷ፣ ከአከራይ ሲጣሉ የምታስታርቅ እሷ። ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት ዶክተር ራጉኤል የሚባሉ ሰው ከአዲስ አበባ መጥተው «በመንገዱ ላይ ያሉ ሴቶችን ኑሮ ልናጠና ነው» ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው ወደ እሷ ቢሆን ምን ይገርማል?

እውነት ለመናገር መጀመሪያ አላመነቻቸውም። በዚያ መንደር ያልተጠና ነገር የለም። አንዱ መጥቶ ሴቶቹን ቆጥሮ ይሄዳል፤ አንዱ ደም ቀድቶ ይሄዳል፤ ተመልሶ ውጤቱ ይህ ሆነ ያለ የለም። ዶክተሩ ግን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ፉል እየበሉ፣ እንደዚያ ዓይነቱ ነገር ድሮ ቀረ አሏት። የጥናቱ ባለቤት ማኅበረሰቡ ራሱ ነው፣ እርስዎም አጋር ተመራማሪ ይሆናሉ አሏት። አጋር! ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት፣ ደረቷ ላይ «አጋር ተመራማሪ ሙሉሐረግ» የሚል ባጅ ሲንጠለጠልላት ደስ አላት፣ ምን ይደበቃል። ሥራዋ ሴቶቹን ማሳመን፣ የፈቃድ ወረቀቱን ማስረዳትና ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ጓዳዋን ለቃለ መጠይቅ መልቀቅ ነበር። ወረቀቱ ላይ «ተሳታፊዋ ማንነቷን የሚሰውር ተለዋጭ መጠሪያ ትመርጣለች» ይላል። ይህን ሲሰሙ ሴቶቹ ዓይን ዓይኗን አዩዋት። ያን ጊዜ እሷ በገዛ አፏ አፍታታችላቸው። «እዚህ ማንም የማያውቅሽን ስም ስጪያቸው ነው ነገሩ» አለቻቸው። ሁሉም ገባቸው። አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ተራ በተራ እየገቡ ራኬብ ለምትባለው ወጣት አጥኚ ታሪካቸውን ሲናገሩ፣ ሙሉሐረግ በደንቡ መሠረት በሩን ዘግታላቸው ውጭ ብርጭቆ ታጥብ ነበር።

የጥናቱ ውጤት ይፋ የሚሆንበት የሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ኤሲው እንደ ጉድ ያቀዘቅዛል። በሩ ላይ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንዳንድ መጽሐፍ ታደለ፤ «የመንገድ ዳር ድምፆች» ይላል ሽፋኑ። ሙሉሐረግ ከኋላ፣ ከገዋኔ ከመጣችው አጋር ከከድጃ ጎን ተቀመጠችና ስለ ባንተይርጋ ሲያወሩ የሰማችውን ፈልጋ ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ አገኘችው። ማንበብ ቀስ ብላ ነው የምታነበው። ሦስት መስመር ሳትጨርስ ሴትየዋን ለየቻት። ሜሪ ናት! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከበርጩማዋ ያልጠፋችው ሜሪ፣ ስኳር የማትወደዋ። ከአገሯ እርጉዝ ሆና እንዴት እንደወጣች፣ የወለደቻትን ልጅ ለወንድሟ እንዴት እንደሰጠች፣ ወንድሟም ኋላ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሆኖ በዚሁ መንገድ እንዴት እንደሚመላለስ፣ መድኃኒቷን በየወሩ ከጤና ጣቢያ እንዴት ተደብቃ እንደምትወስድ። ሁሉም ተጽፏል። ከስሙ ጎን ትንሽ ኮከብ አለች፤ ከገጹ ግርጌ ደግሞ «ስሟ ለደህንነቷ ሲባል ተቀይሯል» ይላል። ሙሉሐረግ ሳታስበው ፈገግ አለች። ሜሪ ጎበዝ፣ ምን ያለች ስም መርጣለች!

ይህን የምሥራች ሳትነግራት እንዴት ትዋል? አራት ሰዓት ላይ ለሻይ ሲወጡ ወደ ሰገነቱ ወጣችና ደወለች። የሰመራ ነፋስ ከምድጃ አፍ የሚወጣ ይመስል ፊቷን ገረፋት። ታች አስፋልቱ ላይ ተሳቢዎች ተከታትለው ያልፋሉ። ሜሪ ገና ከእንቅልፏ መንቃቷ ነበር፤ ድምፅዋ ሻካራ ነው። ሙሉሐረግ መጽሐፉ እንደወጣ፣ ወረቀቱ እንደሚያብረቀርቅ፣ የእሷ ታሪክ ትልልቅ ሰዎችን እንዳስለቀሰ ዘረዘረችላት።

«ምን ብለው አወጡኝ?» አለች ሜሪ።

«ባንተይርጋ ብለው ነዋ፣ እንደነገርሻቸው። ከየት አመጣሽው በናትሽ?»

ከወዲያ በኩል የሆነ ሰው ባልዲ ሲጎትት ይሰማል።

«ስሜ ነዋ እትዬ ሙሉ» አለች በመጨረሻ። «እናትና አባቴ ያወጡልኝ። እዚህ ማንም የማያውቅሽን ስም ስጪ አላልሽኝም? እዚህ ማንም አያውቀውም።»

ወይ ሙሉሐረግ! መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። በዚያ መንደር አንዲት ልጅ ከአውቶቡስ ወርዳ ቡና ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምትጥለው ስሟን ነው። ሜሪ ትባላለች፣ ሳሮን ትባላለች፣ ቲና ትባላለች፤ የአገር ቤት ስሟን የሚጠይቃት የለም፣ መጠየቅም ነውር ነው። ሰው ሲሞት እንኳ ለቄሱ ምን ብለን እንንገር እየተባለ ስንት ጊዜ ተጨንቀዋል። ሙሉሐረግ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ታውቃለች፣ ግን እሷ ራሷ ክርስትና ስትነሳ የወጣላትን ስም ይዛ እዚያው የኖረች ሴት ናት፤ ሁለት ስም ኖሯት አያውቅም። የውሸት ስም ስጡ ማለቷ ነበር። የውሸቱንማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በሱ እኮ ነው የሚጠሩት። ለእነሱ ማንም የማያውቀው ስም ማለት አንድ ብቻ ነው።

ነገሩን የከፋ የሚያደርገው ወንድምየው ነው። ዋሲሁን እህቱ መልካ ወረር፣ የእርሻ ምርምር ማዕከሉ ሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ ወጥ ቤት የምትሠራ ነው የሚመስለው። ወደ ጅቡቲ ሲወርድ አስቀድሞ ይደውልላታል፤ እሷም ጥፍሯን አጥፍታ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሳ፣ በሚኒባስ ሄዳ መልካ ወረር መገንጠያው ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ ልጅቷን፣ ምህረትን፣ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ያመጣላታል። አሥር ዓመቷ ነው። አክስቴ ነው የምትላት። አስፋልት ዳር፣ ከመኪናው ጥላ ሥር፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብስኩትና ለስላሳ ይዘው ይቀመጡና ይለያያሉ። ዋሲሁን ደግ ሰው ነው፣ ግን ኃይለኛ ነው፤ እህቱ ምን እንደምትሠራ ያወቀ ቀን ልጅቷን ዳግም እንደማያሳያት ሜሪ ለሙሉሐረግ ስንት ጊዜ አልቅሳ ነግራታለች። ደግሞም አሁን ሥራዋ ብቻ አይደለም የተጻፈው።

ሙሉሐረግ መቀባጠር ጀመረች፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሁኑኑ ገብቼ እነግራቸዋለሁ፣ አስወጣዋለሁ አለች። ሜሪ ግን ከእሷ ይልቅ የተረጋጋች ነበረች።

«ተይው» አለቻት። «ዋሲሁን ሹፌር ነው፣ መጽሐፍ የት ያውቃል? ማንስ ያነበዋል? መደርደሪያ ላይ ሆኖ አቧራ ይበላዋል። አንቺ ካልነካሽው ማንም አይነካውም። እንዳትናገሪ፣ እሺ በይኝ።»

«እሺ» አለች ሙሉሐረግ።

እሺ ብላ ገባች፤ ግን ሰው እሺ ስላለ ልቡ እሺ ይላል? መድረኩ ላይ ዶክተር ራጉኤል ሥዕልና ቁጥር እየቀያየሩ ይናገራሉ። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው፤ እንግዳ ሲገባ ወንበር የሚለቁ ዓይነት። ማኅበረሰቡ የመረጃ ምንጭ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም አሉ። ቀጥለውም መጽሐፉ ሦስት መቶ ቅጂ እንደታተመ፣ ግማሹ ትናንት ከአዋሽ እስከ ጋላፊ ላሉ ጤና ጣቢያዎች፣ ጽሕፈት ቤቶችና የሹፌሮች ማረፊያዎች እንደተላከ አበሠሩ። «ሹፌሮቻችን ሻይ እየጠጡ እንዲያነቡት ነው» ሲሉ ተጨበጨበ። ሙሉሐረግ አላጨበጨበችም። ሹፌር የሚያርፍበትን ቦታ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ተሳቢ ወረፋ ሲይዝ፣ ጎማ ሲቀየር፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ሲጠበቅ፣ ሰው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሳይቀር ነው የሚያነበው።

ከድጃ ፊቷን አይታ ምነው አለቻት። ከድጃ ገዋኔ ላይ ፍየል ነጋዴ ናት፤ አማርኛዋ ከሹፌር የተማረችው ነው፣ ፈጣንና ደረቅ። ሙሉሐረግ ስም ሳትጠራ፣ አንዴ የወጣን ወሬ መመለስ ይቻላል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ከድጃ ወላሂ ከባድ ጥያቄ ነው አለች። እነሱ ዘንድ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ተቀምጦ ያየውን የሰማውን ሁሉ ሳይሸሽግ ይነጋገራል፣ ይህም ዳጉ ይባላል፤ ማን ከማን እንደሰማ ይታወቃል፣ ወሬው ቢበላሽ ያበላሸው ሰው ተፈልጎ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል አለቻት። ከዚያ ጉልበቷ ላይ ያለውን መጽሐፍ በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«ይሄ ቢበላሽ ግን ማን እንደሚቀርብ እኔ አላወቅኩም» አለች።

ምሳ ሲባል ሙሉሐረግ ወደ ምግቡ አልሄደችም። ዶክተሩን ከአዳራሹ ጎን፣ ካርቶንና ማተሚያ ማሽን ከተደረደረበት ጠባብ ክፍል አገኘቻቸው። በሩን ዘጋች። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ ያለው ስም ይውጣልኝ አለች። እሳቸው በትሕትና ኮከቧን አሳዩዋት፤ ስሟ እኮ የተቀየረ ነው፣ አይስጉ አሏት። አልተቀየረም ብትላቸው እንዴት ያውቃሉ አሏት። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጭንቁ። ስሙ ይደበቅላት ለማለት ስሙ የእሷ ነው ማለት ግድ ሆነ። ለሜሪ እሺ ካለች ሁለት ሰዓት አልሞላትም። አይኗን መሬት ላይ ተክላ «የእውነት ስሟ ነው» አለች።

ዶክተር ራጉኤል መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም የት እንደገባ እንጃ። አልተቆጧትም፣ ይህን ልንነሳቸው አንችልም። እንዴት ሊሆን እንደቻለ ጠየቁ፤ እሷም ለሴቶቹ ያለቻቸውን ቃል በቃል ነገረቻቸው። ዶክተሩ ከፋይል ውስጥ አንድ ወረቀት አወጡ። ሦስት ፊርማ አለበት፣ አንዱ የሙሉሐረግ ነው፤ የማኅበረሰቡ አጋሮች የመጽሐፉን ረቂቅ መርምረው አጽድቀዋል ይላል አሏት። ያኔ አይተውት አልነበረም ወይ ብለው ጠየቁ። እሷ ያንን ቀን አልረሳችውም። ራኬብ መቶ ምናምን ገጽ የእንግሊዝኛ ወረቀት አምጥታ፣ ሹፌሩ ሞተር ሳያጠፋ፣ ቶሎ በይ ተብላ ነው የፈረመችው። አጋር አይደለች? አጋር አልፈርምም ይላል?

«በእንግሊዝኛ ነበር» አለች።

ዶክተሩ ወረቀቱን ወደ ፋይሉ መልሰው፣ ደንቡ ግልጽ ነው አሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ሪፖርት ይደረጋል፣ የተሠራጨውም ይሰበሰባል። የሌሎቹስ ስም እንዴት ነው ብለው ጠየቋት። ሙሉሐረግ ማውጫውን ገለጠችና የቀሩትን አሥራ ስምንቱን አንድ በአንድ አነበበች። የሻሽወርቅ። ጠጅቱ። ዘምዘም። አገሬ። አንዳቸውንም አታውቃቸውም። አብራቸው የኖረች፣ ያስታመመቻቸው፣ ሁለቱን በእጇ የገነዘቻቸው ሴት አንድም ስም አታውቅም። ሁሉም እንደ ሜሪ ከሰጡስ? እኔ እንጃ አለቻቸው። ዶክተሩ ለጊዜው በአንዷ እንጀምር፣ የሌሎቹን ኋላ እናጣራለን አሉና ወረቀት ላይ አንድ ሁለት ነገር ጫሩ። ከዚያ ብዕራቸውን አንስተው ትክ ብለው አዩዋት።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህን እንዲነግሩን እሷ ፈቅዳለች?»

ሙሉሐረግ ሜሪን አሰበች። አልፈቀደችም፣ ግን ፈርታ ነው፤ የፈራ ሰው ደግሞ ተይው ይላል። ስሙ ከወጣላት በኋላ ታመሰግነኛለች።

«አዎ» አለች።

«ጥሩ። የቀረውን ለእኛ ይተዉት።»

እንዴት አድርጋችሁ ነው የምትሰበስቡት ብላ ጠየቀች። እሱን ራኬብ ታውቅበታለች፣ አያስቡ ተባለች። ሜሪ የሚለው ስም የትም እንዳይነሳ ብላ ለመነች። ዶክተሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ በፍጹም አይነሳም ብለው ቃል ገቡላት። ቃላቸውንም ጠብቀዋል፤ ሜሪ የሚል ስም የትም አልተጻፈም።

ከዚያ በኋላ ሙሉሐረግ እፎይ አለች። ሩዝና የፍየል ሥጋ አንስታ በላች፤ ሥጋው አጥንቱ ይበዛል፣ እሷ ብትሠራው ይሻል ነበር። ለሜሪ ልደውል አልደውል ብላ አመነታችና ነገሩ አልቆ ይሻላል ብላ ተወችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምስክር ወረቀት መስጠት ተጀመረ። ከድጃ ተጠርታ ወጣች፤ ካሜራው ብልጭ አለባት። ቀጥሎ ሙሉሐረግ ተጠራች። ከመድረኩ ደረጃ አንዱን እንደረገጠች ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ድምፅ አሰማ። በዚያው ቅጽበት ከኋላዋ የአንዱ ስልክ ጮኸ፣ ቀጥሎ የሌላው፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው በሙሉ። ወረቀቱን ተቀብላ፣ ዶክተሩን ጨብጣ፣ ፎቶ ተነስታ ስትወርድ ስልኳን አወጣች። መልእክቱ የመጣው በቴሌግራም፣ ጤና ጣቢያዎቹም ጽሕፈት ቤቶቹም አራት መቶ የሚሆኑ ሹፌሮችም ካሉበት የመስመሩ ቡድን ላይ ነው።

«አስቸኳይ ማስተካከያ» ይላል። «የመንገድ ዳር ድምፆች በሚል ርዕስ በተሠራጨው መጽሐፍ ገጽ 31 ላይ ባንተይርጋ የሚለው የአዋሽ ሰባት ተሳታፊ ስም የተቀየረ ሳይሆን የግለሰቧ ትክክለኛ መጠሪያ መሆኑ ስለተደረሰበት፣ መጽሐፉ የደረሳችሁ ሁሉ ገጹን ለሌላ ሰው ሳታሳዩ በአስቸኳይ እንድትመልሱ በአክብሮት እንጠይቃለን። ለተሳታፊዎቻችን ምስጢር ያለን ክብር የጸና ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ጠዋት የታደለው መጽሐፍ አብዛኛው ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነበር። አሁን ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ፤ ከዚህም ከዚያም፣ ከፊትም ከኋላም። ሰው ሁሉ ገጽ ሠላሳ አንድን እየፈለገ ነው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው እውነት ነው፤ አዋቂውም ሳሚ ሆኖ ሲመጣ ምን እንደሚባል ግን ተረቱ አልነገረንም። ሙሉሐረግ ወንበር እየገፋች ራኬብ ወደተቀመጠችበት ሮጠች። አጥፊው አለቻት። ራኬብ ግራ ገብቷት ቀና አለችና፣ የጻፈችው ለማስተካከያ በተዘጋጀው ፎርም ላይ ያለውን እንደሆነ፣ ዶክተርም ሳይዘገይ ይውጣ እንዳሉ ነገረቻት። ከዚያ የሙሉሐረግን ፊት አየች፣ መልእክቱን እንደገና አነበበች፣ ቀስ እያለ ገባት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። መልእክቱን አጠፋችው። ስታጠፋው ሁለት መቶ ሠላሳ ሰው አይቶታል፤ አንዱም ፎቶ አንስቶ መልሶ ለጥፎት ከሥሩ «ማናት እሷ?» ብሎ ጽፎበታል። ዶክተሩ ከመድረክ ወርደው ምን ተፈጠረ እያሉ መጡ።

ስልኳ ሲጮህ ሙሉሐረግ ማን እንደሆነ ሳታይ አወቀች። ወደ ሰገነቱ ወጣች። ነፋሱ የምስክር ወረቀቱን ከእጇ ሊነጥቃት ሲታገል በሁለት ጣቷ እንደያዘች አነሳችው።

«ነገርሻቸው?» አለች ሜሪ።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። ሙሉሐረግ ላስወጣልሽ ብዬ ነው አለች፤ እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አላሰብኩም፣ ሳያሳዩኝ ነው የላኩት፣ እኔን ይብላኝ፣ አፈር ልብላልሽ። ሜሪ እሷ ተናግራ እስክትጨርስ ድረስ ጠበቀቻት።

«አንድ ሹፌር መልእክቱን ለደራርቱ አሳይቷት ነው» አለች። ደራርቱ አጠገቧ ያለውን ክፍል ተከራይታ የምትኖር ጓደኛዋ ናት። «ማናችን እንደሆንን ልታውቅ ፈልጋ፣ ከግቢው በር ላይ ቆማ ባንተይርጋ ብላ ተጣራች። ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ማንም በሱ ጠርቶኝ አያውቅም እኮ እትዬ ሙሉ። ሳላስበው አቤት አልኩ።»

ታች አስፋልቱ ላይ አንድ ተሳቢ ጥሩምባውን አስጩኾ አለፈ።

«ቆይ» አለች ሜሪ በድንገት። ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው መሰለኝ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ ተመለሰ። «ዋሲሁን ነው። እየደወለ ነው።»

«ሜሪ…»

«ላንሳው? ንገሪኝ እንጂ። ምን ማለት እንዳለብኝ የምትነግሪኝ አንቺ አይደለሽ? ላንሳው?»

ሙሉሐረግ አንሺው ልትል አሰበች፣ አታንሺው ልትልም አሰበች። በስልኩ ውስጥ የሚሰማው የሜሪ ትንፋሽ ብቻ ነው።

«ቆመ» አለች ሜሪ።

«እንደገና እየደወለ ነው» አለች።